ሶልያና ለእናቷ ስታስተረጉም

የጣት አሻራ እንደሌለኝ ያወቅኩት በስልሳ አንድ ዓመቴ ነው።

አትሳቁ፤ እውነቴን ነው። ድሮ በሱዳን በኩል በስደት ስመጣ አሥሩንም ጣቶቼን ቀለም ነክረው አንስተውኛል። ያኔ ነበረኝ ማለት ነው። የጣልኩት እዚሁ ላስ ቬጋስ፣ ሆቴል ውስጥ ነው። ሃያ ሰባት ዓመት የእንግዳ መታጠቢያ ቤት ስፈትግ በረኪናው ልጦ ልጦ ጨርሶታል። አሻራ የምታነሳው ልጅ ጣቶቼን አንድ በአንድ መስታወቱ ላይ ብትጫን፣ በሶፍት ብትጠርግ፣ ቅባት ብትቀባ፣ ማሽኑ ወይ ፍንክች! በመጨረሻ ቀና ብላ አየችኝና ሥራሽ ምን ነበር አለችኝ። ሀውስኪፒንግ አልኳት። "አሃ፣ የእናቴም እንደዚሁ ነው" ብላ ከመሳቢያዋ ሌላ ፎርም አወጣች። ለካ እንደኔ ላለው ሰው የተለየ ፎርም አለ። በዚህ ከተማ አሻራ የሌለን ሴቶች ብዙ ሳንሆን አንቀርም።

ለመሆኑ አሻራው ለምን አስፈለገ? ወንጀል ሠርቼ አይደለም። ልጅ ልመክር ብዬ ነው።

ነገሩ የመጣው ከጡረታ ነው። ጡረታ ለሦስት ሳምንት ጥሩ ነገር ነው። በአራተኛው ሳምንት ባለቤቴ ተፈራ፣ "አስካለ፣ ይቺን ወጥ ቤት ዛሬ ስታጸጂያት አምስተኛሽ ነው፤ እኔ እንደሆንኩ ቲፕ አልሰጥሽም" አለኝ። እሱ ከኔ ቀድሞ ነው ጡረታ የወጣው። ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድቶ ቁልፉን ያስረከበ ቀን፣ ከእንግዲህ ፀሐይ በደንብ ሳትወጣ መሪ አልጨብጥም ብሎ ምሏል። ምሎም አልቀረ፣ ሶፋው ላይ የራሱን ቅርጽ አውጥቷል። እኔ ግን እንደሱ መቀመጥ አልሆነልኝም። ቤተ መጻሕፍት በር ላይ ማስታወቂያ አየሁ። ለሰፈር ልጆች ሜንተር የሚሆን በጎ ፈቃደኛ ይፈለጋል፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ ከትምህርት በኋላ ይላል። ስልኩን ገልብጬ ተመለስኩ።

ሜንተር የሚለውን ቃል ወደ አማርኛ ልመልሰው ብዬ ስንት ቀን እንደደከምኩ አትጠይቁኝ። መካሪ? ቆይ፣ እሱን እነግራችኋለሁ። ሞግዚት? ሞግዚት ይከፈላታል። የክርስትና እናት እንዳልል ክርስትና አላነሳሁም። ተፈራ ግን ስም አላጣለትም። "በነጻ የሚሠራ ኦቨርታይም ነው" አለኝ።

ሥልጠናው ዋተር ስትሪት አካባቢ ነበር፤ ሁለት ቅዳሜ። አሠልጣኛችን ዳና የምትባል፣ ልጄ የምትሆን ፈረንጅ ናት። የመጀመሪያውን ሕግ ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፈችው፤ ምክር አትስጡ።

የተሳሳተች መሰለኝ። እጄን አወጣሁና፣ ምክር ካልሰጠን ለምን መጣን አልኳት። ለመስማት አለችኝ። ልጁ ይናገራል፣ እናንተ ትሰማላችሁ። ልጁ ካልተናገረስ? አብራችሁት ትቀመጣላችሁ።

እስቲ ፍረዱኝ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ከሚል ሕዝብ የመጣሁ ሰው ነኝ። እኛ የማናውቀው ሰው መንገድ ላይ ሲያስነጥሰው እንኳ ፌጦ ውሰድ ሳንል እናልፋለን? ሰው ሲያገባ እንመክራለን፣ ሲፋታ እንመክራለን፣ ሲሞት ለቀባሪዎቹ እንመክራለን። ዳና ግን ምክር የበዛበት ልጅ ጆሮውን ይዘጋል ብላ ወደ ሁለተኛው ሕግ አለፈች። ስጦታ አትስጡ። ወደየእምነታችሁ አትጎትቱ። ሳታስፈቅዱ አታብሉ። ልጁ ያጫወታችሁን ምስጢር፣ አደጋ የሚያመጣ ካልሆነ በቀር፣ ለወላጅ አታውጡ። ሁሉንም ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። መጨረሻ ላይ የሚሞላ ፎርም ሰጡን። በትርፍ ጊዜሽ ምን ማድረግ ትወጃለሽ ይላል። ሃያ ሰባት ዓመት ትርፍ ጊዜ መቼ ነበረኝና? "መተኛት" ብዬ ሞላሁት።

እንግዲህ መተኛት የምትወድ፣ አሻራ የሌላት፣ ምክር የተከለከለች ሴትዮ የደረሰችው ለሶልያና ነው።

ሶልያና አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ቀጭን፣ ባለ መነጽር፣ የግራና የቀኝ ጫማዋን በተለያየ ቀለም ክር የምታስር ልጅ ናት። ወላጆቿ የአገራችን ሰዎች ናቸው፤ እሷ ግን እዚሁ ነው የተወለደችው። የተገናኘነው ዊንቸስተር፣ ከነሱ አፓርትማ አጠገብ ያለ የሰፈር ማዕከል ውስጥ ነው። ዳና አገር ለአገር አገናኘሁ ብላ ደስ ብሏት ሄደች። ልጅቷ ግን ደስ አላላትም። ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

"አንተ ኢንጂነር ነህ?" አለችኝ በአማርኛ።

"አይደለሁም።"

"እኔ ፎርም ላይ ኢንጂነር ነው የጻፍኩት።"

እኔም ነገር የምትሰማ ልጅ ነው የጠየቅኩት ልላት አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። አንተ ያለችኝ ደግሞ ንቃኝ እንዳይመስላችሁ። ሶልያና ዘንድ ሰው ሁሉ አንተ ነው። ቄሱም አንተ፣ እኔም አንተ፣ የጎረቤት ድመትም አንተ። አንቺ የምትላት በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ናት፤ እናቷ። ለሷ አንቺ ማለት የእናቷ ሌላ ስም ነው።

አራት ማክሰኞ ዝም አልን። እሷ በአይስክሬም እንጨት ድልድይ ትሠራለች፤ እኔ ሙጫው እስኪደርቅ ጫፉን እይዛለሁ። ስንት ምክር ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ እንደነበረ እኔ ነኝ የማውቀው። ጀርባሽን አቅኚ፣ ጥፍርሽን አትብዪ፣ ምሳሽን ለምን ተውሽው። ግን ሕግ ሕግ ነው፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ እንጨቴን ያዝኩ። በአምስተኛው ማክሰኞ ቀና ሳትል፣ "እጅህ አይንቀጠቀጥም፤ ጥሩ ነው" አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ወሬው መጣ። ስለ ድልድይ፣ ስለ ክፍሏ ልጆች፣ በወር ሁለት ቀን ቤት ስለሚመጣው አባቷ። አባትየው የረጅም መንገድ ትራክ ነጂ ነው። በስልክ ከየክፍለ ሀገሩ የድልድይ ፎቶግራፍ ይልክላታል።

እናትየዋን ሂሩትን ያወቅኳት በማዕከሉ በር ላይ ነው። አርባ ዓመት ቢሆናት ነው። ሆቴል ውስጥ ላውንደሪ ክፍል ነው የምትሠራው። ትሕትናዋ ሌላ ነው፤ "እትዬ አስካለ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ አደከመችዎት" ብላ ሁለት እጄን ትጨብጣለች። እንግሊዝኛ ግን የላትም። ዳና ወረቀት ይዛ ስትመጣ ሂሩት "ኖ ኢንግሊሽ" ብላ ትስቅና ወደ ልጇ ትዞራለች። ሶልያና ታስተረጉማለች። ሂሩት ልጇ ስትናገር አፍ አፏን ታያለች፤ ሕፃን ሲበላ እንደምናየው ዓይነት። እኔ ሳዝንላት ነበር የምኖረው። ይሄን ሁሉ ዓመት እዚህ አገር ኖራ፣ ባንክ እንኳ ብቻዋን መሄድ አትችል! የማታ ትምህርት ልጠቁማት አስቤ፣ እሱም ምክር ነው ብዬ ተውኩት።

እንግዲህ በአንድ ማክሰኞ ሶልያና፣ "ቲቸሬ እማዬን ማየት ትፈልጋለች። አንተም ና" አለችኝ። ዳናን ጠየቅኳት። ቤተሰቡ ከጋበዘሽ ሂጂ፣ ግን ዝም ብለሽ ተቀመጪ አለችኝ። ዝም ብሎ መቀመጥማ ሙያዬ ሆኗል።

ሦስታችን በነዚያ የልጆች ወንበሮች ላይ ተደረደርን። ጉልበቴ አገጬ ጋ ደርሷል። አስተማሪዋ ጠና ያለች ሴት ናት፤ ደስታዋ ከመቀመጫዋ ሊያነሳት ምንም አልቀረው። ሶልያና የተፈተነችው ፈተና ውጤት መጥቷል። ግሪን ቫሊ በኩል ያለ የሳይንስ ትምህርት ቤት ተቀብሏታል። ከዚህ ትምህርት ቤት ያለፈችው እሷ ብቻ ናት። የወላጅ ፊርማ እስከ ዓርብ ይፈለጋል። አንድ ችግር ብቻ አለ፤ ከዚህ ሰፈር ወደዚያ የሚሄድ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስለሌለ ጠዋት ጠዋት የሚያደርሳት ሰው ያስፈልጋል። ይሄን ሁሉ አወረደችና ወደ ሂሩት ዞራ ፈገግ አለች።

ሂሩት ወደ ልጇ ዞረች። ሶልያና መነጽሯን አስተካከለች።

"እማዬ፣ ሶልያና ጎበዝ ነው አለች። ሒሳብ ጥሩ ነው። መጽሐፍ ግን ብዙ ማንበብ አለበት።"

ይኸው ነው። አለቀ።

ወንበሬ እሾህ ሆነብኝ። ሂሩት ራሷን ነቀነቀችና፣ "እግዜር ይስጥልኝ በያት" አለች። ያንን በትክክል አስተረጎመችው። አስተማሪዋ ስለ ማድረሱ ጉዳይ ጥያቄ እንዳላት ጠየቀች።

"ጥያቄ አለሽ ወይ ትላለች" አለች ሶልያና።

"የለኝም በያት።"

ሶልያና ወደ አስተማሪዋ ዞራ፣ እናቴ ስለ ትራንስፖርቱ ከቤተሰብ ጋር እንነጋገርበታለን ትላለች አለቻት፤ ከግንባሯ ላብ አንዲት ጠብታ እንኳ ሳይወጣ። ይቺ ልጅ ከኢንጂነር ይልቅ አምባሳደር ይዋጣላታል አልኩ በሆዴ። ፎርሙን ተቀብላ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሂሩት ያን ቀን ኦቨርታይም ስለነበረባት ሳመቻትና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ልጅቷን ወደ ማዕከሉ የምመልሳት እኔ ነኝ፤ ለመኪናውም ሌላ ፎርም ሞልቻለሁ።

መኪናውን ፀሐይ ላይ ነበር ፓርክ ያደረግኩት። መሪው አላስነካ ስላለኝ በሮቹን ከፍተን ቆምን።

"ሶልያና፣ አስተማሪሽ ያለችውን እኔም ሰምቻለሁ እኮ" አልኳት።

"አውቃለሁ።"

ከዚያ በላይ አልጠየቅኩም። መሪውን አራገብኩ። በዚያች በተሰባበረች አማርኛዋ ነገረችኝ።

"እማዬ ናይት ሺፍት ነበረች። ሰባት ዓመት። እኔ ስመጣ እሷ ትሄዳለች። በር ላይ ነው ሃይ፣ ባይ የምንለው። አሁን ደይ ሺፍት ሰጧት። እራት አብረን እንበላለን። እሷ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ እኔ ሆምወርክ እሠራለሁ። ፎርሙን ካየች ደይ ሺፍቱን ትተዋለች። እኔን ለማድረስ። አውቃታለሁ። ትምህርት ቤት ሁሉ ቦታ አለ። ነው አይደል?"

ምን ልበላት? እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏታላችሁ? አሥራ አንድ ዓመት የሞላት ልጅ ትምህርት ቤቱን በእራት ለወጠችው። ሞኝነት ነው እንዳልል እኔ ራሴ በልጅቷ ቦታ ብሆን... አላውቅም። ትንሿን ጣቷን ዘረጋችልኝ። እዚህ አገር ልጆች ሲማማሉ ጣት ያቆላልፋሉ። ትልቅ ሴትን ደግሞ አንቲ ይላሉ፤ አክስት ማለታቸው ነው።

"አንቲ፣ አትንገሪያት። አንቺ ፕሮሚስ አድርጊ።"

አንቺ አለችኝ። ሰማችሁ? አንቺ! እንደዚያ የተባለ ሰው እንዴት እምቢ ይላል? ጣቴን ሰጠኋት። ማልኩ።

መማሉ ቀላል ነበር። ቤት ገብቼ እራት ላይ ስነግረው ተፈራ፣ "ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባላል፤ አንቺ ደግሞ የልጅ ምስጢር ተሸክመሽ መጣሽ" ብሎ ሳህኑን አነሳ። ረቡዕ ዳና ዘንድ ደወልኩ። ልጅቷ አደጋ ላይ አይደለችም፣ ስለዚህ ምስጢሯ ምስጢር ነው፤ ራሷ ለእናቷ እንድትነግር ግን አበረታቺያት አለችኝ። ማበረታታትና መምከር ምንድን ነው ልዩነቱ አልኳት። አሰበች፣ አሰበችና፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ ከተናገርሽው ማበረታታት ነው አለችኝ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ለሶልያና ደወልኩ። "ኖ" አለችኝ፤ እሷም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ሐሙስ ሆነ። ፊርማው ዓርብ ነው። ቁጭ ብድግ ስል ልጅቷ መኪናዬ ውስጥ የረሳችውን ሹራብ አየሁ። ሹራብ መመለስ ደግሞ በየትኛውም ሕግ አልተከለከለም።

ሂሩት ከሥራ ገና መግባቷ ነው። እግሯን በሙቅ ውሃ ነክራ ሶፋ ላይ ተቀምጣለች። ሶልያና ከትምህርት ቤት አልተመለሰችም። "እትዬ አስካለ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ፣ ይቅርታ አልነሳሁም" አለችኝ። ተቀመጥኩ። መሐላዬን ሳልነካ ነገሩን ልነካው ዙሪያውን እዞር ጀመር። ስለ ሙቀቱ አወራሁ። ስለ ጉልበቴ አወራሁ። ዘንድሮ የልጆች ቦርሳ እንዴት ትልቅ ሆነ አልኩ። ስንት ኪስ አለው አልኩ። ልብስ ሲታጠብ ኪስ መፈተሽ ጥሩ ነው አልኩ።

ሂሩት እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ እግሯን ከውሃው አወጣች።

"እትዬ፣ ስለ ፎርሙ ከሆነ ፈርሜዋለሁ።"

"የምን ፎርም?" አልኩ፤ ምን ላድርግ፣ ምያለሁ።

"የሳይንስ ትምህርት ቤቱን ነዋ። ማክሰኞ ገላዋን ስትታጠብ ከቦርሳዋ አወጣሁና ፈርሜ እዚህ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። ነገ ወስጄ ላስተማሪዋ እሰጣታለሁ።"

"ማን አነበበልሽ?"

"ራሴ ነኛ!"

ሂሩት ፎጣ አንስታ እግሯን እያደረቀች፣ ረጋ ብላ ነገረችኝ።

"አስተማሪዋ ያለችውን ሁሉ ሰምቻለሁ። እትዬ፣ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው እኮ እዚህ አገር። ላውንደሪ ክፍል ማሽኑ እንኳ የሚጮኸው በእንግሊዝኛ ነው።"

"ታዲያ ኖ ኢንግሊሽ የምትዪው?"

"ትምህርት ቤት በገባች በሦስተኛ ወሯ አማርኛውን ጣለችው። በአማርኛ እጠይቃታለሁ፣ በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ ከረሜላ ገዛሁላት። እምቢ። አንድ ቀን አሞኝ ክሊኒክ ይዣት ሄድኩ። ሌሊቱን ስሠራ አድሬያለሁ፤ ነርሷ ስታናግረኝ ከድካሜ የተነሳ ዝም አልኩ። ልጄ ያልገባኝ መሰላት። እጄን ይዛ፣ 'እማዬ፣ የቱ ጋ ነው የሚያምሽ ትላለች' አለችኝ። የሚያምሽ! ሽ ብላ እኮ ነው፣ እትዬ! በአማርኛ፣ ለኔ! ከዚያን ቀን ጀምሮ እንግሊዝኛ ጠፋኝ።"

ሳቀች። ዓይኗ ግን ሞልቶ ነበር።

"ባንክ ስንሄድ አይገባኝም። ስልክ ሲደወል አይገባኝም። ደብዳቤ ሲመጣ ሦስት ጊዜ አስነብባታለሁ። ሥራ ቦታ የሰው ሽንገላ እስከ ጥግ ይገባኛል፤ እሷ አጠገቤ ከቆመች ግን ዋተር ማለት ምን እንደሆነ አላውቅም። አለዚያ ከኔ ጋር በአማርኛ ምን ታወራለች?"

ዝም አልኩ። ሕጉ ትዝ ብሎኝ አይደለም፤ የራሴ ልጅ ትዝ ብሎኝ ነው። ዮናስ የሚባል አንድ ልጅ አለኝ፤ ሲያትል ነው የሚኖረው፣ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። እኔ እንግሊዝኛ የተማርኩት በስንት መከራ ነው፤ ጋሪ እየገፋሁ፣ ቃላት በክንዴ ላይ ጽፌ። ስለዚህ ዮናስ ትንሽ ሆኖ በእንግሊዝኛ ሲያናግረኝ በኩራት በእንግሊዝኛ እመልስለት ነበር። አየህ፣ እናትህ ታውቃለች! ዛሬ በየእሑዱ ይደውላል። መልካም ልጅ ነው፣ ረስቶኝ አያውቅም። በእንግሊዝኛ ስለ አየር ጠባይ እናወራለን። በአማርኛ የሚያውቀው ስሜን ነው። ሂሩት እንግሊዝኛዋን ደበቀች፣ እኔ አሳየሁ። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም ሲባል፣ እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ተረቱ ለሰነፍ የተተረተ ይመስለኝ ነበር። ይቺን ሴት የማታ ትምህርት ቤት ልልካት ነበር እኮ!

"ደይ ሺፍቱስ?" አልኳት።

"እመልሰዋለሁ። ነገ ለሱፐርቫይዘሬ እነግረዋለሁ።" ይሄን ስትል ፎጣውን አራት ቦታ አጠፈችው። "ለራቴ ብዬ የልጄን መንገድ አልዘጋም።"

"እንዳትነግሪው!" አልኩ። ጮኼ ነው ያልኩት፤ ማበረታታት እንዳይመስላችሁ። "ባሌ ተፈራ ያደርሳታል።"

"ጋሽ ተፈራ? እሺ አሉ?"

"ደስ ብሎት" አልኳት።

ተፈራ በዚያች ሰዓት ሶፋው ላይ ተኝቶ ነበር። በጎ ፈቃደኛ ማለት ራሱን የሚሰጥ ሰው ነው ይላሉ፤ እኔ ባሌን ሰጠሁ።

ስወጣ ሂሩት በር ድረስ ሸኘችኝ። ለሶልያና ፎርሙን ያነበበልኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው እላታለሁ አለችኝ። "እንግሊዝኛዬን ግን እንዳይነግሩብኝ፤ ይማሉልኝ።" ማልኩ። በሦስት ቀን ሁለተኛ መሐላዬ ነው።

ተፈራ ስነግረው ቴሌቪዥኑን ዝም አሰኘው። በስንት ሰዓት ነው የምትነሳው አለኝ። ፀሐይ ሳትወጣ አልኩት። ረጅም ጊዜ ጣሪያውን ካየ በኋላ፣ "ልጅቷ ወሬኛ ናት?" አለኝ። እንደ ሰውየው ነው አልኩት። ነገሩ በዚያው አለቀ። እሱም አሻራ ሊሰጥ ሄደ። ሠላሳ ዓመት መሪ የጨበጠ ጣት አሥሩም ቁልጭ ብሎ ወጣ፤ እስከ ዛሬ ይኮራብኛል።

ክረምቱ አልፎ ትምህርት ተከፈተ። ተፈራ ይነዳል፣ እኔ ፊት እቀመጣለሁ፣ ሶልያና ከኋላ። ተፈራ በየጠዋቱ በመስተዋት እያያት "ወዴት ነው የኔ እመቤት?" ይላታል። እሷም ምንም እንደማያውቅ ቆጥራ የትምህርት ቤቱን አድራሻ ከነቁጥሩ ትነግረዋለች። በሁለተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ መብራት ይዞን ቆመን ሳለ ከኋላ ድምፅ መጣ።

"አንቲ፣ አንቺ ነሽ የነገርሻት?"

"እግዜርን! አልነገርኩም።"

"አውቃለሁ። የሥራ ቦታ ሰው አነበበልኝ አለች። ግን ፎርሙ የላፕቶፕ ኪስ ውስጥ ነበር፤ ከዚፑ ጀርባ። እዚያ ፎርም አለ ብሎ ማን ነገራት?"

እኔ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። ሶልያና ቀጠለች፤ ድልድይ እንደምትሠራ እንጨት በእንጨት ላይ እያስቀመጠች።

"ቲቸር ስትናገር ሰምታለች። እማዬ ኢንግሊሽ ታውቃለች።"

ተፈራ አንገቱን ወደኔ አዞረ። ይሄን ለሱም አልነገርኩትም ነበር። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላችን ጥሩምባ ተነፋ።

"ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?" አልኳት።

"ምንም። ሳስተረጉምላት ደስ ይላታል። ፊቷን አይተሻል?"

"አይቻለሁ።"

"እንዳትነግሪያት።"

ለሦስተኛ ጊዜ ማልኩ። ተፈራንም አስማለችው።

አየሩ ቀዝቀዝ ሲል አዲሱ ትምህርት ቤት ወላጆችን ጠራ። አራታችንም ሄድን። አስተማሪው ወጣት ነው፣ ቀልድ ይወዳል። ሶልያና ጥያቄ ከማብዛቷ የተነሳ ማታ ማታ የቤት ሥራ የምሠራው እኔ ሆኛለሁ አለ።

ሂሩት ሳቀች።

ማንም ገና አላስተረጎመላትም። ራሷም ደንግጣ ሳቋን ወደ ሳል ለወጠችው፤ ስታስል፣ ስታስል፣ አስተማሪው ውሃ ሊያመጣላት ተነሳ። ተፈራ የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ አለ፤ ጫማው ክር የለውም። ሶልያና ቀና አላለችም። እናቷ ስላ እስክትጨርስ በትዕግሥት ጠበቀችና ቀልዱን ቃል በቃል፣ አንዲት ነገር ሳታስቀር አስተረጎመችላት። ሂሩትም እንደ አዲስ፣ ከልቧ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ሳቀች።

አስተማሪው በጣም ደስ አለው። ወደ ሂሩት ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ከፍ፣ ቃላቱን ሰፋ ሰፋ አድርጎ፣ ይቺ ልጅ ባትኖር ምን ይውጥሽ ነበር አላት።

"እማዬ፣ እኔ ባልኖር ምን ይውጥሽ ነበር ይላል" አለች ሶልያና።

ሂሩት ልጇን አፍ አፏን እያየች፣ "እውነቱን ነው በይው" አለቻት።